ባቄላና ሽምብራ በዘጠኝ ኤፍ

ሰው ሁሉ የሚጣላበት አንድ ነገር አለው። ጎረቤቴ በድንበር ይጣላል፣ ምራቴ ጓሮዋን በሚቆፍሩ ዶሮዎች ትጣላለች። እኔ የምጣላው በተራ ነው። ወፍጮ ቤት ተራዬን የነካ ሰው ዱቄቱን ይዞ በሰላም አይወጣም። ከእኔ በኋላ መጥቶ ከእኔ በፊት ባጃጅ ላይ የተቀመጠ ጎረምሳ ካለ፣ ደምበጫ መናኸሪያ እስክንደርስ የአባቱን ስም፣ የአያቱን ስምና ማን እንዳሳደገው ስጠይቀው እሄዳለሁ። ብዙዎቹ መንገድ ላይ ይወርዳሉ።

ከተራ ጉዳይ ሁሉ የሚብስብኝ ግን የቅርጫው ዕጣ ነው። በየበዓሉ አሥራ ሁለት ቤት ሆነን አንድ በሬ እናርዳለን። ሥጋው ቅጠል ላይ አሥራ ሁለት መደብ ሆኖ ይደለደላል። ከሽንጡም፣ ከጉበቱም፣ ከአጥንቱም ለሁሉም እኩል ይደርሳል ይባላል። ይባላል ነው ያልኩት። የሚደለድሉት ሰዎች ከላይ ሲጀምሩ እጃቸው ለጋስ ነው፤ ወደ ታች ሲወርዱ ወገባቸውን ያማቸዋል፤ አሥራ ሁለተኛው መደብ ላይ ሲደርሱ የቀረው አጥንት ሁሉ እዚያ ተሰብስቦ የሰፈር ስብሰባ የተቀመጠ ይመስላል።

ስለዚህ ዕጣ እንጥላለን። እያንዳንዱ ቤት ምልክቱን ይሰጣል። አንዱ ጠጠር፣ አንዱ ጭራሮ፣ እኔ ከነጠላዬ ጫፍ የመዘዝኳትን ክር ቋጥሬ። አያ ደረበ የሚባለው ጎረቤቴ ደግሞ ከአሮጌ ካፖርቱ የወለቀች የቀንድ ቁልፍ አለችው፤ በየበዓሉ እሷኑ ነው የሚሰጠው። ምልክቱ ሁሉ ባርኔጣ ውስጥ ይገባል። የአያ ደረበ የሚስቱ ወንድም ፊቱን ወደ ሰማይ አቅንቶ፣ ጸሎት የሚያደርስ መስሎ፣ ከላይኛው መደብ ጀምሮ አንድ በአንድ እያወጣ ይጥላል።

እንግዲህ ስንት ዓመት እንደሆነ አልቆጠርኩትም፤ ግን በዚህ ሁሉ ዘመን አያ ደረበ አሥራ ሁለተኛው መደብ ደርሶት አያውቅም። የእኔ ክር ግን ባርኔጣው ሥር ተወሽቃ ሁሌ መጨረሻ ትወጣለች። እኔም ነገሩን መርምሬ የደረስኩበት ነበር፤ ዕጣ ላይ መጨረሻ የወጣ ሰው የሚደርሰው ዕጣ አይደለም፣ ትርፍራፊ ነው። መጀመሪያ የወጣ ከአሥራ ሁለት ይመርጣል፤ መጨረሻ የወጣ ከምን ይመርጣል? ስለዚህ በየበዓሉ እጮኻለሁ።

«የእኔ ዕጣ ቀድሞ ይውጣ!»

«እትዬ፣» ይለኛል አያ ደረበ ሽንጡን እየሰበሰበ፣ «ዕጣ እንዴት ቀድሞ ይወጣል? ያኔማ ዕጣ መሆኑ ቀረ።»

«አንተ ዝም በል! ጠግበሃል!»

ይህንን ይዤ ስኖር ነው የማስተዋል ነገር የመጣው። ማስተዋል የልጄ ልጅ ናት። ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ ተምራ፣ አሁን ለሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህርነት እየተዘጋጀች ነው። ከመመረቋ በፊት ትምህርት ቤት ሄዳ በተግባር መለማመድ አለባት። እነሱ ፕራክቲከም ይሉታል። እኔ ሲያስረዱኝ ወዲያው ገባኝ። ወይፈን ለእርሻ ሲለመድ ከአሮጌ በሬ ጋር ይጠመዳል፤ አሮጌው እየመራ ወይፈኑ ይማራል። ማስተዋልም ከነባር መምህር ጋር ተጠምዳ ስድስት ሳምንት ታስተምራለች። ችግሩ አሮጌው በሬ ወይፈኗ መጠመዷን እንዳየ ሹልክ ብሎ ወጥቶ ጥላ ሥር መተኛቱ ነው። የማስተዋል ነባር መምህር የመጀመሪያውን ሰኞ ጠመኔውን አስረከባት፤ ከዚያ በኋላ ያየችው ሻይ ቤት ደጃፍ ብቻ ነው።

የተመደበችው እኔ ያለሁበት ደምበጫ ስለሆነ እኔ ዘንድ አረፈች። ሰኞ ከሰዓት ደብተሯን አልጋ ላይ ወርውራ፣ ጫማዋን ሳታወልቅ ቁጭ አለች።

«ምን ሆንሽ?»

«ዘጠኝ ኤፍ ደረሰኝ እምዬ።»

ዘጠኝ ኤፍ በሽታ መስሎኝ እጄን ግንባሯ ላይ አደረግሁ። ክፍል ኖሯል። ዘጠነኛ ክፍል ከኤ እስከ ኤፍ ስድስት ቦታ ተከፍሏል። ኤፍ ዘግይተው የተመዘገቡት፣ ከሌላ ቦታ የመጡት፣ የደገሙት የሚጠራቀሙበት ነው። ሰባ አንድ ተማሪ ነው። መስኮቱ ወደ አስፋልቱ ስለሆነ ባጃጅ ባለፈ ቁጥር መምህሩ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። አምና እዚያ የተመደበ ተለማማጅ በሦስተኛው ሳምንት አሞኛል ብሎ ደጀን እናቱ ዘንድ ሄደ፤ እስካሁን አልተሻለውም።

«ማን መደበሽ?»

«ዕጣ ነው። ስድስት ተለማማጆች ነን፤ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ስድስት ዕጣ አወጣን።»

ደሜ ፈላ። «በስንተኛ ተራ አወጣሽ?»

«ሌሎቹ ይቅደሙ ብዬ... በመጨረሻ።»

«አላልኩም!» ብዬ ጭኔን መታሁ።

ማስተዋል እያለቀሰችም ቢሆን ሒሳብ ተማሪ ናት። አፍንጫዋን ጠርጋ፣ «እምዬ፣ ዕጣ መጀመሪያም ማውጣት መጨረሻም ማውጣት እኩል ነው። በሒሳብ የተረጋገጠ ነው» አለችኝ።

«ሒሳቡን ለፈተናሽ አስቀምጪው። እኔ አጥንት ስቆጥር ነው የኖርኩት።»

የሚያስፈራው ደግሞ ቀጥሎ ያለው ነው። ከማርቆስ አንድ ገምጋሚ ይመጣል። አንድ ቀን፣ አንድ ክፍለ ጊዜ፣ ያለ ማስጠንቀቂያ። ኋላ ተቀምጦ ቅጽ ይሞላል። በዚያች ቀን ከወደቀች ዓመቱን ትደግማለች፤ ጓደኞቿ ጋዋን ሲለብሱ እሷ እንደገና ዕጣ ልታወጣ ትሄዳለች።

ሁለት ሳምንት ታገስኩ። ለእኔ ይህ ትልቅ ጾም ነው፤ ጊዜውም ሁዳዴ ስለነበረ ሁለቱን አንድ ላይ ጾምኩ። በየቀኑ ጉሮሮዋ ተዘግቶ ትመጣለች። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። በእንግሊዝኛ ስትነግራቸው ሰባ አንዱም ራሳቸውን ይነቀንቃሉ አለችኝ፤ የገባችሁን ንገሩኝ ስትላቸው ሰባ አንዱም መሬት መሬት ያያሉ። በሦስተኛው ሳምንት ሐሙስ ዕለት ግን አልቻልኩም። የተቆላ ሽምብራ በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ ወደ ትምህርት ቤቱ ወጣሁ። ዕጣው እንደገና ይውጣ ልል ነው።

በሩ ላይ ዘበኛው፣ «እማማ፣ ያለ ዩኒፎርም አይገባም» ብሎ ቀለደብኝ።

«የእኔን ዩኒፎርም የሰፋው ሰው ከሞተ ቆየ» ብዬው ገባሁ።

ርዕሰ መምህሩ ስብሰባ ላይ ነው ተባለና ከቢሮው ደጃፍ አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። አንድ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ የሆነ ሰው አጠገቤ ተቀምጧል። ዕድሜው የልጄ ያህል ነው። ያለ ጊዜው ዘንቦ ስለነበረ ባጃጁን ሲገፋ የመጣ መሰለኝ። አሳዘነኝና ሽምብራ ዘገንኩለት።

«ልጅ አለህ እዚህ?» አልኩት።

«የለኝም። ሥራ ይዤ ነው።»

«እኔ አለችኝ። ተበድላለች።» ከዚያ ሁሉንም ዘረዘርኩት። ዕጣውን፣ ኤፍን፣ ደጀን የሄደውን ልጅ፣ ሻይ ቤት ያለውን አሮጌ በሬ። ማርቆስ ስላለው ገምጋሚም አወራሁት። «አንድ ቀን መጥቶ፣ ቂጡን አሳርፎ፣ ስድስት ሳምንት የለፋችውን ልጅ በአርባ ደቂቃ ይፈርዳል። ይሄ ፍርድ ነው? ዳኛ እንኳ ቀጠሮ ይሰጣል።»

ሰውዬው ሽምብራውን እየቆረጠመ አንገቱን ነቀነቀ። «እውነትዎን ነው። ለመሆኑ ዕጣ መጨረሻ ያወጣ ሰው ይጎዳል ብለው ያምናሉ?»

«አምናለሁ? አውቃለሁ እንጂ!»

በዚህ መሐል የቢሮው በር ተከፈተ። ርዕሰ መምህሩ ሁለት እጁን ዘርግቶ፣ «ዶክተር! ምነው እዚህ ተቀመጡ? ለተለማማጆቹ ግምገማ ነው አይደል?» አለ።

አንዲት ሽምብራ ጉሮሮዬ ላይ ቆመች። ጀርባዬን የመታልኝ ራሱ ዶክተሩ ነው። ከዚያ በኋላ እርስዎ ልለው ሞክሬ ነበር፤ ምላሴ አንዴ አንተ ብሎ ስለለመደ እምቢ አለኝ።

ትንፋሼ ሲመለስ ርዕሰ መምህሩን ያዝኩት። «ዕጣው እንደገና ይውጣ!»

«እማማ፣ ዕጣ ወጣ፣ አለቀ።»

ዶክተሩ ከቦርሳው ወረቀት አውጥቶ አየ። «የዛሬው የማስተዋል ትምህርት ፕሮባቢሊቲ ነው፤ የዕጣ ነገር ማለት ነው። እማማ፣ ለምን አብረውን አይገቡም?»

እኔ ግብዣ አልመልስም። ገባሁ።

ማስተዋል ሰሌዳው ላይ እየጻፈች ነበር። ዞር ስትል መጀመሪያ ዶክተሩን አየች፤ ጠመኔው እጇ ላይ ቀጥ አለ። ከኋላው እኔን አየች፤ ጠመኔው ለሁለት ተሰበረ። ኋላ አንድ አግዳሚ ላይ ሦስት ልጆች ተጣበው ቦታ ሰጡኝ። ርዕሰ መምህሩ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ።

ትምህርቱ ተጀመረ። እንግሊዝኛ ነው። አንድ ቃል አልገባኝም፤ አጠገቤ ያሉት ልጆች ሲነቀንቁ እኔም ነቀነቅሁ። ባጃጅ አለፈ፤ ቆመች። ሌላ ባጃጅ አለፈ፤ ቆመች። ጠየቀቻቸው፤ መሬት አዩ። እንደገና ጠየቀቻቸው፤ አንዱ አዛጋ። የዶክተሩ እስክሪብቶ ጫር ጫር ይላል። የማስተዋል ድምፅ እየቀጠነ ሄደ። ልጅ ሆና ከበቅሎ የወደቀች ቀን እንዲህ ነበር ድምፅዋ።

እንግዲህ እኔ የመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀት አለኝ። እዚያ የተማርኩት ዋናው ነገር ያልገባው ሰው እጁን ያነሳል የሚል ነው። አነሳሁ።

ሰባ አንድ አንገት ዞረ። ማስተዋል ዓይኗን ጨፍና ገለጠች። «እ... እርስዎ ጥያቄ አለዎት?» አለችኝ። ቤት አንቺ ነው የምትለኝ።

«አለኝ መምህርት። ስድስት ሰው ዕጣ ሲያወጣ፣ ክፉው ዕጣ አንድ ከሆነ፣ መጨረሻ የሚያወጣው አይጎዳም ወይ?»

ክፍሉ ሳቀ። ከዚያ ግን ያላሰብኩት ሆነ። «ይጎዳል!» አለ አንዱ ከመስኮቱ በኩል። «አይጎዳም፣ እኩል ነው!» አለች አንዲት ልጅ። «እንዴት እኩል ይሆናል? የመጀመሪያው ከስድስት ይመርጣላ!» «ቢመርጥስ አያየው!» ሦስት ሳምንት መሬት ሲያይ የከረመ ክፍል የገበያ ቀን መሰለ። ባጃጅ ቢያልፍም የሰማው የለም።

ማስተዋል የተሰበረውን ጠመኔ አስቀመጠች። በአማርኛ፣ «በሉ እንሞክረው» አለች።

ሽምብራዬን አስመጣች። ከቆሎው መሐል የተቀላቀለች አንዲት ባቄላ ነበረች። አምስት ሽምብራና አንዲቷን ባቄላ የአንድ ልጅ ኮፍያ ውስጥ ከተተች። ባቄላዋ ክፉ ዕጣ ናት። አምስት ተማሪዎች ወጡ፤ እኔ ስድስተኛ ሆንኩ። መጨረሻ ካልቆምኩ አልሞክርም አልኩ፤ የበደሉን ቦታ እኔ ነኝ የማውቀው። የመጀመሪያዋ የሻረግ የምትባል ቀጭን ልጅ ናት፤ መምህሯን ስታይ ዓይኗ አይርገበገብም።

አሥራ ሁለት ጊዜ አወጣን። ባቄላዋ ዘጠኝ ጊዜ እኔ እጅ ገባች።

«አላልኳችሁም!» ብዬ ባቄላዋን ወደ ላይ አነሳኋት። ክፍሉ አበደ። «እማማ ልክ ናቸው! እማማ ልክ ናቸው!» ዴስክ ይደበደባል። ዕድሜ ልኬን ስከራከርበት የኖርኩት ነገር በዶክተር ፊት ተረጋገጠ። አንድ እስክስታ ብመታ ደስ ባለኝ።

ከዚያ ማስተዋልን አየኋት። የታችኛውን ከንፈሯን ወደ ውስጥ ነክሳዋለች። ሰሌዳው ላይ ከጀርባዋ ሁሉም እኩል ነው የሚል ነገር ጽፋለች፤ ከፊቷ ደግሞ ውሸት ነው የሚል ባቄላ ይዤ እኔ ቆሜያለሁ። የዶክተሩ እስክሪብቶ ጫር ጫር ይላል። ዓመት የሚያስደግማት ሰው ጭቃ ያለው ሱሪ የለበሰው አይደለም፤ እኔ ነኝ።

ባቄላዋን በቀስታ አወረድኳት። «ምናልባት... እኔ ድሮም አይቀናኝም» አልኩ።

የሰማኝ የለም።

ማስተዋል ግን አላለቀሰችም። መጥታ ባቄላዋንና አምስቱን ሽምብራ ሰብስባ ኮፍያው ውስጥ መለሰች። ዓይኗን ጨፍና እጇን አስገባች። አንድ በአንድ ዳሰሰቻቸው። ከዚያ ዓይኗን ሳትገልጥ፣ «የሻረግ፣ እጅሽን ስታስገቢ ምን አሰብሽ?» አለች።

«ምንም ቲቸር።»

«እውነቱን።»

የሻረግ ጫማዋን አየች። «ባቄላዋ ትልቅ ናት ቲቸር። በጣት ትታወቃለች። እያወቅሁ እንዴት ባቄላ ላውጣ?»

«እኔም!» አለ ሁለተኛው። «እኔም አውቄያታለሁ፣ ስቸኩል ጊዜ ነው ሁለቴ የያዝኳት» አለ ሦስተኛው።

ማስተዋል ዓይኗን ገለጠች። ያንን ፈገግታ ከልጅነቷ አውቀዋለሁ፤ የጠፋ በግ ስታገኝ የምታሳየው ነው። «ታዲያ እማማን የጎዳቸው ተራቸው ነው ወይስ ዕጣው?»

ሰባ አንድ አንገት ወደ ኮፍያው ተዘረጋ። በዚህኛው ጥያቄ መሬት ያየ አልነበረም።

ባቄላዋን ጣለቻት። ስድስት እኩል ሽምብራ መርጣ አንዷን በእስክሪብቶ ነጥብ አደረገችባት። «ሁላችሁም በተራ አውጡ፤ ግን ጨብጣችሁ ያዙ፣ ማንም እንዳያይ።» አወጣን። ስድስታችንም እጃችንን ጨብጠን ቆምን። «አሁን ነጥቧ የማን እጅ ውስጥ እንዳለች ተወስኗል። መጀመሪያ ያወጣው ማን እንደሆነ እጃችሁ ላይ ተጽፏል?»

ጨብጬ የያዝኩትን እጄን አየሁት። የየሻረግንም አየሁት። ስድስት ጭብጥ ነው። ሁሉም ጭብጥ ነው። ፊተኛና ኋለኛ የለውም። «ክፈቱ!» ስትል ነጥቧ አራተኛው ልጅ እጅ ውስጥ ተገኘች፤ እሱም ሎተሪ እንደደረሰው ሰው ጮኸ።

«ሁላችንም እንሞክር ቲቸር!» አሉ። ማስተዋል ስድስት ስድስት ሆናችሁ ተቧደኑ አለች። ሰባ አንድ ተማሪ ለስድስት አይካፈልም። አንድ ሰው ይጎድላል። ያ ሰው ማን እንደሆነ ልንገራችሁ? ከእኔ ጋር ሰባ ሁለት፤ አሥራ ሁለት ቡድን፤ ጥርት ብሎ ተካፈለ። ሽምብራዬም ለሁሉም በቃ። ስገባ የከለከለኝ ዘበኛ ይህንን ቢያይ በወደድኩ።

እያንዳንዱ ቡድን አሥር ጊዜ አወጣ። ሰሌዳው ላይ ሲደመር የመጀመሪያዎቹ አሥራ ሰባት ጊዜ፣ ሁለተኞቹ ሃያ ሦስት፣ ሦስተኞቹ አሥራ ዘጠኝ፣ አራተኞቹ ሃያ አራት፣ አምስተኞቹ አሥራ ስድስት፣ መጨረሻዎቹ ሃያ አንድ ሆነ። «ሃያ ሃያ ዙሪያ ነው!» አለ ያ ሲያዛጋ የነበረው። «ሺህ ጊዜ ብናወጣ ደግሞ የበለጠ ይቀራረባል» አለች የሻረግ፤ ይህን ማስተዋል ገና አልነገረቻቸውም። ዶክተሩ እስክሪብቶውን አስቀምጦ ሽምብራ ይቆጥር ነበር።

እኔ ተሸነፍኩ። ልክ ነው፣ ተሸንፌያለሁ። ግን የተሸነፈ ሰው ጭንቅላቱ ሥራ አይፈታም። ነጥቧን ሽምብራ እያገላበጥኩ አንድ ነገር መጣልኝ፤ እጄን አነሳሁ።

«መምህርት፣ ያንቺ የዘጠኝ ኤፍ ዕጣ ከምን ነበር የተሠራው?»

ማስተዋል ወደ እኔ ዞረች። ፊቷ ሲለዋወጥ አየሁ። «ካርቶን» አለች በቀስታ። «ከጠመኔ ካርቶን የተቆረጠ።»

«የሌሎቹስ?»

«ወረቀት።»

ሁላችንም ወደ በሩ ዞርን። ርዕሰ መምህሩን ሳል ያዘው። «እዚያው እፊታቸው አምስቱን ከጻፍኩ በኋላ ለኤፍ ወረቀት አለቀብኝ» አለ። «አጣጥፌው ነበር እኮ...»

ካርቶን ተጣጥፎ ወረቀት መሐል! አምስት የሒሳብ ተለማማጅ በጣቱ ሳያውቀው ቀረ? አንድ ጊዜ ድል ሲመጣ እንዲህ ነው፤ ልጮህ አፌን ከፈትኩ።

«ቲቸር፣» አለች የሻረግ፣ «ባቄላዋ እኛ ነን ማለት ነው?»

አፌን ዘጋሁ።

ሰባ አንድ ልጅ እኔንና ማስተዋልን ያየናል። በሦስት ሳምንት ውስጥ ኤፍ ኤፍ እያልኩ ለሰፈሩ ሁሉ ሳወራ፣ ዛሬ ራሱ ቢሮው ደጃፍ ላይ ክፉ ዕጣ ደረሳት እያልኩ ስጮህ፣ ኤፍ ውስጥ ሰው እንዳለ ትዝ ብሎኝ አያውቅም። ስለ ፍትሕ የምጮህ ሴት። ተጣበው ቦታ የሰጡኝ እነዚህ ናቸው።

ተነሳሁ። «ልጄ፣ ባቄላ ያልኳችሁ እኔ ነኝ» አልኩ። «ጥፋቱ የእኔ ነው። እንዲያውም ባቄላ ከሽምብራ ያንሳል ያለው ማን ነው? ደግሞ ትልቅ ስለሆነ ነው በጣት የታወቀው።»

የሻረግ ለመሳቅ ፈለገች፤ ግን ወደ ማስተዋል ነበር የምታየው።

ዶክተሩ ተነስቶ፣ «ዕጣው ፍትሐዊ ካልነበረ እንደገና መውጣት አለበት፤ የቀሩት ሦስት ሳምንታት ናቸው። እማማ የጠየቁት ይህንን ነው» አለ። ደወል ተደወለ።

ቢሮ ሄድን። አምስቱ ተለማማጆች ተጠሩ። ርዕሰ መምህሩ አዲስ ወረቀት አውጥቶ ስድስት ቦታ ቆረጠ፤ እያንዳንዷን በጥፍሬ ለካሁ፣ አጣጠፍኩ፣ በብርሃን አየሁ። ያሸነፍኩበት ቀን ነው። ከመስኮቱ ውጭ ዘጠኝ ኤፍ በሙሉ ተደርድሯል፤ የሻረግ አፍንጫዋን መስታወቱ ላይ ለጥፋለች።

«አንዷን አውጡልኝ» አለች ማስተዋል።

«የትኛዋን?»

«ኤፍን። ዕጣ ውስጥ አትገባም። የእኔ ናት።»

ከውጭ የመጣውን ጩኸት የሰማ ሰው ደምበጫ ላይ ሠርግ አለ ይላል። እኔ ግን በሁለት ተከፈልኩ። ግማሼ እልል ሊል፣ ግማሼ፣ «ያለ ዕጣማ አይሆንም! ይሄ ከተራ መውጣት ነው!» አለ። ስለዚህ አምስቱን ተለማማጆች አንድ በአንድ፣ በተራ፣ «ኤፍ ለእሷ ይሁን ብለህ በፈቃድህ ተስማምተሃል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። እንደዚያ በፍጥነት የተስማማ ሰው በሕይወቴ አላየሁም። አንደኛው ጥያቄውን ሳልጨርስ ተስማማ። ከዚያ በኋላ እልል አልኩ።

ማስተዋል አለፈች። ጥሩ ውጤት ነው ያገኘችው። ቅጹን አሳይታኛለች፤ የማስተማሪያ መርጃ መሣሪያ በሚለው ረድፍ ላይ ዶክተሩ በራሱ እጅ እንዲህ ጽፏል፤ «ሽምብራ፣ ባቄላ፣ አያት።»

ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃ ነበር፤ ግን ከቢሮ ወደ ቤት ስመለስ መንገድ ላይ ቀጥ ብዬ ቆምኩ። የቀንድ ቁልፍ! ወፍራም፣ ለስላሳ፣ አራት ቀዳዳ ያላት የቀንድ ቁልፍ! የእኔ ክር ባርኔጣ ሥር ስትወሸቅ፣ እዚያ ሰማይ እያየ የሚጸልየው ሰው ጣቶቹ ሥራ ላይ ነበሩ። እኔ ዕድሜዬን በሙሉ በተራ ስጣላ ኖሬ፣ በደሉ ዓይኔ ሥር ካፖርት ላይ ነበር።

የፋሲካ ቅርጫ ደረሰ። አሥራ ሁለት የለስላሳ ቆርኪ ይዤ ሄድኩ፤ ሁሉም አንድ ዓይነት፣ ሁሉም የታጠቡ። በውስጣቸው ማስተዋል ከአንድ እስከ አሥራ ሁለት የመደቡን ቁጥር ጽፋ በወረቀት ሸፍናዋለች። በሬው ታርዶ መደቡ ተደለደለ፤ አሥራ ሁለተኛው ላይ አጥንቶቹ እንደ ወትሮው ተሰብስበዋል።

«ዛሬ በዚህ ነው» አልኩ።

አያ ደረበ ቁልፉን በእጁ እያሻሸ፣ «እኔ እኮ የለመድኩት በቁልፌ ነው እትዬ» አለ።

«ዕጣ ዕጣ ነው አይደል? ቆርኪም ቁልፍም አንድ ነው። ወይስ አንድ አይደለም?»

ሰዉ ሁሉ ቁልፏን አየ። ከዚያ የሚስቱን ወንድም አየ። ሰውዬው ሰማዩን ሊያይ ቀና ሲል ፀሐይ ዓይኑን ወጋው። አንድ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ቆርኪው ይሁን» አሉ።

አሥራ ሁለታችን በተራ አንድ አንድ ቆርኪ አውጥተን ጨበጥን። እኔ ተራዬን ለማንም አልጠየቅሁም፤ ባርኔጣው የትም ቢደርሰኝ ግድ የለኝም ብዬ መሐል ላይ ቆምኩ። ጎረቤቶቼ ያመመኝ መስሏቸው ተያዩ። አያ ደረበ መጨረሻ ቆመ፤ ማንም አላስቆመውም፣ ራሱ ሲያንገራግር ቀርቶ ነው።

«ክፈቱ!» አልኩ።

እኔ ሰባተኛው ደረሰኝ። መካከለኛ ነው፤ ሽንጥም አለው፣ አጥንትም አለው፣ አያኮራም አያሳፍርም። ግን እንደ እሱ የጣፈጠኝ ሥጋ የለም።

አያ ደረበ ቆርኪውን ገልብጦ፣ አሽቶ፣ እንደገና ገልብጦ አየ። አሥራ ሁለት። ወደ አጥንቱ ጉባኤ ዞሮ ተመለከተ፤ ከዚያ እኔ ለዓመታት ስጮኸው የኖርኩትን ጩኸት ከእኔ በላይ ጮኸው።

«ይሄ ዕጣ አይደለም! መጨረሻ ስላወጣሁ ነው!»

ትከሻውን ቸብ አደረግሁት። «አያ ደረበ፣» አልኩት፣ «ሰኞ ዘጠኝ ኤፍ ሂድና ተማር። ሰባ አንድ ናቸው፤ አንድ ሰው ይጎድላቸዋል።»